አብረው ይወርዱ ለነበሩት ለጋሽ ፈንታና ለምንተስኖት

ክቡራትና ክቡራን፣ የጤና ጣቢያችን ባልደረቦች፣ ከመሐል ሜዳ ድረስ በዚህ ብርድ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤

ሥራችሁን አቋርጣችሁ ለጡረታ ስንብቴ ብላችሁ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተር እስከዳር፣ ድግሱን ያሰናዳሽው አንቺ እንደሆንሽ ነግረውኛል፤ እጅሽን ይባርከው። ስላለበሳችሁኝ የሱፍ ባናም አመሰግናለሁ። በጣም ወፍራም ነው። ሽማግሌ ይበርደዋል ብላችሁ ነው አይደል? አልተሳሳታችሁም።

ቅድም የተናገራችሁትን ሁሉ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። «አቶ እሱባለው ሽማግሌ አክባሪ፣ ለወጣት አባት» ተባልኩ። አንገቴን የደፋሁት በትሕትና የመሰላችሁ ካላችሁ፣ በትሕትና አልነበረም። ዛሬ አመስግኜ፣ መርቄ መቀመጥ እችል ነበር። ግን ዘጠኝ ዓመት የያዝኩት ነገር አለ። ይዤው ከዚህ ግቢ መውጣት አልፈልግም።

አብዛኞቻችሁ አዲሶች ስለሆናችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

በ1990 ዓ.ም. ይህ ቤት ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ነበር። እኔ ኃላፊው ነኝ። ጥበቃችን ጋሽ ፈንታ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸው በመዝገብ ሃምሳ አራት፣ በመልካቸው ሰባ። ይህን ስነግራቸው፣ «መዝገቡን የጻፈው ሰው ቸኩሎ ነው» ይሉኝ ነበር። ጥበቃ ከመሆናቸው በፊት በበቅሎ እህል እየጫኑ ከዚህ ደጋ ወደ ቆላው ሲወርዱ ሲወጡ ነው የኖሩት። የወንዙን ቀለም አይተው ላይኛው አገር መዝነቡን ይናገራሉ። እኛ እንስቃለን። በኋላ ዝናቡ ይመጣል።

ክትባት ሰጪያችን ደግሞ ምንተስኖት ነበር፤ የሃያ አራት ዓመት ልጅ፣ ከዓለም ከተማ የመጣ። ጉልበቱ ያስቀና ነበር። በላምባ የሚሠራውን ማቀዝቀዣ ለሁለት ሆነን ስንታገለው መጥቶ ብቻውን አንሥቶታል።

ክትባት በደረሰ ቁጥር ሁለቱ አብረው ገደሉን ይወርዱ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ጋሽ ፈንታ መንገድ እየመረጡ ከፊት፣ ምንተስኖት የክትባቱን ሳጥንና የሳቸውን ስንቅ ተሸክሞ ከኋላ። አንድ ቀን ከበሩ ላይ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ጋሽ ፈንታ፣ ትንሽ ፈጠን ይበሉ እንጂ!»

«ገደሉ የትም አይሄድ። አንተን ምን ያስሮጥሃል?»

ከታች ያሉት ገበሬዎች ሲመጡ የሚጠይቁት እነሱን ነው። «ሽማግሌውና ልጁ መቼ ይመጣሉ?» ይላሉ። ኃላፊው እሱባለው መቼ ይመጣል ያለኝ አንድም ሰው የለም። እንዴትስ ይበሉኝ? ጉልበቴን ያመኛል እያልኩ ስድስት ዓመት ሙሉ ወርጄ አላውቅም። ቀናሁ። ሽበት ያለው ሰው በአንድ ጥበቃና በአንድ ልጅ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ጠዋት፣ ጥሩሸዋ የምትባል እናት ከታችኛው ቀበሌ መጣች። ጭቃ እስከ ጉልበቷ። መንደሩ ኩፍኝ ገብቶበታል።

«ትልቋን ቀበርኳት» አለችኝ። «ትንሿን ገና አልጀመራትም። ድረሱልኝ።»

ምንተስኖት ወዲያው ሳጥኑን አዘጋጀ። ጋሽ ፈንታ ጋቢያቸውን ታጥቀው መጡ።

«አቶ እሱባለው፣ ላይ፣ በጊሼ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የወንዙ የታችኛው መሻገሪያ ዛሬ አይሆንም። በላይኛው ይዣቸው ልዙር። ሁለት ሰዓት ቢጨምር ነው።»

እዚህ ፀሐይ ነበር። በሰዎች ፊት የሚያዙኝ መሰለኝ። «ልጆች እየሞቱ ሁለት ሰዓት ይጨመራል?» አልኩ። «ደግሞ እርስዎ ያዘገዩታል። የእርስዎ ሥራ በሩ ነው።»

ያኔ ምንተስኖት ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽዬ፣ እባክዎ ከጋሽ ፈንታ ጋር ልሂድ» አለኝ።

እኔ ምን አልኩት? ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሴትዮዋም ሁሉም እንዲሰማ፣ «ወጣት አይደለህ? ምን ያስፈራሃል?» አልኩት።

ፊቱ ቀላ። ሳጥኑን አንሥቶ ወጣ። ጥሩሸዋ ተከተለችው።

የታችኛው መሻገሪያ ሲደርሱ ውሃው ገና ከጉልበት በታች ነበር። ምንተስኖት ሳጥኑን አሻግሮ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ጥሩሸዋን እጇን ይዞ ሊያሻግር ተመለሰ። መሐል ሲደርስ ጎርፉ መጣ። እዚያ ቦታ አንድም ጠብታ አልዘነበም። እሷ ከወዲህ ቆማ ስትጮህ ወሰደው።

ጋሽ ፈንታ እኔን ሳያስፈቅዱ በሩን ዘግተው ከኋላቸው ወርደው ኖሯል። ዘገዩ። ሽማግሌ ናቸውና። ሲደርሱ ያገኙት የምትጮኸውን ሴት ብቻ ነው።

በማግስቱ እኔም ወረድኩ፤ አመመኝ ስል የኖርኩት ጉልበት እንደ ማንም ጉልበት ሠራ። የምንተስኖትን አስከሬን ገበሬዎች ከታች አግኝተውት ነበር። ጋሽ ፈንታ በጋቢያቸው ሸፈኑት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሳጥኑ ከማዶ ነው፤ የክትባቱ በረዶ ሳይቀልጥ እንድረስ» አሉኝ። በላይኛው መሻገሪያ ወሰዱኝ። በሳቸው እርምጃ ሄድኩ። መንደሩን ሁሉ ከተብኩ፤ የጥሩሸዋን ትንሿንም ልጅ። እሷ ተርፋለች። ከኛ መድረስ በኋላ ግን ሁለት ሕፃናት ሞተዋል።

በሪፖርቱ ላይ «በድንገተኛ ጎርፍ» ብዬ ጻፍኩ። ድንገተኛ ነበር? ጠዋት በሦስት ሰዓት ተነግሮኝ ነበር እኮ። አጣሪዎች መጥተው ጋሽ ፈንታን ሲጠይቋቸው፣ እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብያለሁ። አዩኝ። «ወንዙ ሞላ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ብቻችንን ስንሆን ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቅኳቸው።

«መናገር ያለብኝ ጠዋት ነበር፤ ተናገርኩ» አሉኝ።

በዓመቱ ጡረታ ወጡ። ድግስ አልተደገሰላቸውም። ባና አልተሰጣቸውም። እንደ ዛሬው ማን ቆሞ አወደሳቸው? ኃላፊው እኔ ነበርኩ፤ ዓይናቸውን ላለማየት የስንብት ደብዳቤውን በፀሐፊ እጅ ላክሁላቸው። ከሁለት ዓመት በፊት አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር።

እናንተ ወጣቶች፣ እኔ የምንተስኖትን ጉልበት ያከበርኩ ይመስለኝ ነበር። ይችላል እያልኩ ጫንኩበት፤ ፈርቶ ሲለምነኝ አሳፈርኩት። የጋሽ ፈንታን ዕድሜም ያከበርኩ ይመስለኝ ነበር። ወንበር እለቅላቸዋለሁ፣ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ። ቃላቸውን ግን ጣልኩት። ያ ምን ዓይነት አክብሮት ነው?

ባለፈው እሑድ ዓለም ከተማ ሄጄ ነበር። የምንተስኖትን እናት ወይዘሮ ይዘንጋሽን አገኘኋቸው። ለልጃቸው ያልኩትንም፣ እሱ ያለኝንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከዚያ፣ «ፈርቶ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ ፈርቶ ነበር» አልኩ።

«ከትንሽነቱ ጀምሮ ውሃ ይፈራ ነበር» አሉ። «ለቅሶ የመጣው ሁሉ ደፋር ነበር፣ ምንም አይፈራም ነበር ሲለኝ፣ የሌላ ሰው ልጅ የቀበርኩ ይመስለኝ ነበር። እየፈራ ነው የገባው። አሁን ልጄን አወቅሁት።»

ይቅር አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም። እስከ በራቸው ሸኙኝ፤ ከዚያ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ሲስተር እስከዳር፣ ይህ ፖስታ የሪፖርቱ ማረሚያ ነው፤ ፈርሜበታለሁ። ለሚመለከተው ክፍል አድርሺልኝ። የሚመጣብኝን እቀበላለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ እንድታጨበጭቡልኝ አልፈልግም። ምርቃት ግን ከሽማግሌ አይቀርም፤ የእኔን አፍ አትዩ፣ ቃሉን ተቀበሉ።

ወደ ቆላ የምትወርዱትን እግራችሁን ያጽናው። ስትደክሙ የሚያሳርፋችሁ፣ ፈራሁ ስትሉ የማያሳፍራችሁ አለቃ ይስጣችሁ። ዕድሜ ይስጣችሁ፤ ስታረጁም የምትናገሩትን የሚሰማ ልጅ አይንሳችሁ። በዚህ በር የሚገባ በሽተኛ ሁሉ ድኖ ይውጣ። የወረደ ሁሉ በሰላም ይመለስ።

አሜን በሉ።