ሽጉጡን ከጣለ በኋላ

ከጌዶ ወደ አምቦ በሚሄደው ታክሲ፣ ከፊቴ አንድ ሰውዬና ምሳ ዕቃ ያቀፉ እናት ተቀምጠዋል።

«ገበያ ላይ ፖሊስ የመታው ልጅ እግሩ ሊቆረጥ ነው አሉ» አለ ሰውዬው።

«ሰማሁ። ሳምንቱን ሙሉ እሱን ነው የምሰማው።»

«አንድ ጥይት አይበቃም ነበር?»

«ሽጉጥ ይዞ ነበር እኮ፣ ኦቦ።»

«ጥሎታል! እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ሁለቱን የጨመረለት ከጣለ በኋላ ነው።»

«ከጣለ በኋላ?»

«አዎ፣ አዴ።»

ሰውዬው ያቀፉትን ምሳ ዕቃ አየ።

«ሆስፒታል እሱን ሊጠይቁ ነው እንዴ? ዘመድዎ ነው?»

«አይ፣ የእኔስ የታሰረው ፖሊሱ ነው። ልጄ ነው። ‹ሽጉጡን እንደያዘ ነው የመታሁት› ብሎኝ ነበር።»

እኔ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝባቸው መስኮቴን ዘጋሁት።