ትንባሆ የገባበት የጥይት ሳጥን

ይህን ሳትሰሙ እንዳትሄዱ፤ አያስቆጫችሁም። አጎቴ ከአዲስ አበባ ወደ ከተማችን መሐል ሜዳ፣ እኛ ቤት ሲመጣ ውድ ሲጋሮች ይዞ ነበር። ሲጋር ማለት ያ ወፍራሙ፣ በራሱ ቅጠል የሚጠቀለለው ትንባሆ ነው፤ በእኛ ነፋስ ደርቆ ይሰነጠቃል። እኔም ከገበያ የወታደር ባዶ የጥይት ሳጥን ገዛሁ። ክዳኑ ጎማ ስላለው አየር አያስገባም። ውስጡን በስስ የጥድ ጣውላ ለበጥኩት፣ እርጥብ ስፖንጅና ሲጋሮቹን ጨመርኩበት፣ አለቀ!

በማግስቱ የነፍስ አባታችን መምሬ ካሳ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡና ሳጥኑን ሲያዩ ክው አሉ። «ይሄ ልጅ ጥይት ጀመረ እንዴ?» እናቴ በዓይኗ ዝም በል ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ማስረዳት ስወድ! «ኧረ አባ፣ የአጎቴ ትንባሆ ነው፤ እርጥበቱ እንዳይጠፋ...» «ትንባሆ? ጥይት በሆነ ይሻል ነበር! ይሄ ሳይወጣ አንዲት ጠብታ አልረጭም!» እናቴ ልታለቅስ ደረሰች። አጎቴን ከነሲጋሩ ደጅ አስወጣሁና ባዶውን ሳጥን ከፍቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ጥዱስ ደስ ይላል» አሉ ቀስ ብለው። «የዳዊት መጽሐፌ ቆዳ በነፋሱ እየተሰነጠቀ ነው። ለእሱ አንድ ሥራልኝ፤ ትንባሆ ያልደረሰበት!» ከዚያ ቤቱን ረጩ፤ ሳጥኑን ግን ሦስት ጊዜ። እናንተም ባዶ ሳጥን ካገኛችሁ ሞክሩት፤ ካህን ሲጠይቃችሁ ብቻ ማብራሪያውን አሳጥሩ።