የከታቢዋ እናት

ልጄን ታቅፌ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በአውቶቡስ ስጓዝ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አሮጊት አጠገባቸው ላለችው ወጣት ሲያወጓት ሰማሁ።

«ልጄ ማንኩሳ አካባቢ ሕፃናት ትከትባለች። ልጠይቃት መሄዴ ነው፤ መሄዱን ግን ፈርቼዋለሁ።»

«ምን አስፈራዎት፣ እማማ?»

«የአገሩ ሰዎች የሸክላ ሠሪ ልጅ መሆኗን አያውቁም። እኔን አይተው ዘሯን ቢጠይቁ፣ ማን ልጁን ያስነካታል?»

«ዛሬማ ሕግ አለ!»

«እናቴ ገበያ ስትወጣ፣ ቡዳ መጣች እያሉ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። በእኔም ጊዜ እንደዚያው። ሕጉስ መጣ፤ ነጠላው መቼ ተነሣ?»

«ታዲያ ምኗ ነኝ ሊሉ ነው?»

«ሠራተኛዋ ነኝ እላለኋ።»

አሮጊቷ ዞር ብለው ልጄን «እደግ» ሲሉት፣ እጄ ቀድሞኝ ነጠላዬን ፊቱ ላይ ጣል አደረገ።