ቁጥር 211፣ ማሳያ ቤት

— ሄሎ? ... አቤት ኤዶም። ... ደህና ነኝ። ... አይ፣ ቤት አይደለሁም። ከጎናችን ያለው ቤት ነኝ፣ 211። ... አዎ፣ ለገዢዎች ማሳያ ያደረጉት። ሽያጩን የያዘችው ልጅ እዚሁ ነው የምትሠራው። ሄቨን ትባላለች፣ የእኛው አገር ልጅ ናት።

— ፎርሙን? ... ገና አልሰጠኋትም። ... አውቃለሁ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ሊዘጉ ሃያ ደቂቃ ይቀራቸዋል። ... ደብዳቤውን ደግሜ አንብቤዋለሁ እኮ። አፓርትመንቱ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ ተከራዩ የሚኖርበትን ቤት ካልገዛ ለሌላ ይሸጣል፣ እሱም በስድሳ ቀን ይለቃል። ... አዎ፣ "አልገዛም" የሚለው ላይ ልፈርም ነው የመጣሁት። ዋይሊ ባለው ቤትሽ ለእኔ ያልሽውን ክፍል ቀለም እንዳስቀባሽልኝም አልረሳሁም።

— ምንም አላገኘኝም። ትንሽ ተቀመጥኩ። ... ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? ... ኤዶም፣ የአባትሽ ኮት እዚህ አለ።

— ኮት። ግራጫው። ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። ... የሚመሳሰል አይደለም። ገበሩ ሲቀደድ ጥቁር ክር አጥቼ በቡናማ የሰፋሁት እኔ ነኝ። አሁን ገልጬ አየሁት። ቡናማ ነው።

— እንዴት እንደመጣማ ይገባኛል። አምና አርባው ሲወጣ ልብሱን ሰጠሁ አይደል? እናቴ፣ የሟች ልብስ ሩቅ ሰፈር ላለ ሰው ነው የሚሰጠው፣ መንገድ ላይ እንዳያጋጥምሽ ትል ነበር። እኔም ግራንድ ፕሬሪ ድረስ ነድቼ፣ ልብስ የሚለገስበት ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ... ልክ ነሽ፣ ከዚያ ወደ ልባሽ መሸጫ ሄዷል። ይህን ቤት ያስዋቡት ሰዎች ደግሞ ከዚያ ገዙት፣ ሰው የሚኖርበት እንዲመስል። እኔ በመኪና አራቅሁት፣ እነሱ በመኪና መለሱት። ... እየሳቅሁ አይደለም።

— ቆይ አንዴ። ... አመሰግናለሁ ሄቨን፣ ውሃው ይበቃኛል። ከልጄ ጋር ነኝ። እስቲ ቅድም ያልሽኝን ድገሚው፣ እሷም ትስማሽ። ... አፈረች። እኔ ልንገርሽ። ማታ ስትዘጋ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ ትሄዳለች። ጠዋት ስትከፍት ወደ መስኮቱ ዞሮ ታገኘዋለች። የኮቱ እጅጌዎች ደግሞ ኪሶቹ ውስጥ ገብተው። ... በየቀኑ። ሦስት ሳምንት ሆነው። የእኔ ሥራ መስሏት "እማማ፣ እርስዎ የበሩ ኪይ አለዎት እንዴ?" አለችኝ።

— እጅጌውን እንደዚያ የሚያደርገው ማን እንደነበር ታውቂያለሽ። ... አዎ፣ መሬት እንዳይጎትት። ሐኪም ቤትም ሳይቀር። ... የጽዳት ሠራተኛ? ጠይቄያታለሁ። ጽዳት የሚመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው።

— ክሪፒ ነው? ያስፈራል ማለትሽ ነው? ... እንጃ። እኔ አልፈራሁም። የእኛን ቤት እኮ ባዶ አደረግሁት፣ ኤዶም። መላጫውን እንኳ ጣልኩት። ጠንካራ ናት አላችሁኝ። እሱ ግን የሚቀመጥበት ቢፈልግ ወዴት ይሂድ?

— ኮቱን? ... ሄቨንም ይውሰዱት ብላኛለች፣ የሚጠይቃት የለም። ... አልወስደውም። ከወሰድኩትማ ምን ብሎ ይመጣል?

— አትጩኺ፣ እሰማሻለሁ። ... ሐኪም አያስፈልገኝም። ... አዎ፣ ይኼም ቤት አንድ ቀን ይሸጣል። ማሳያው የመጨረሻ ነው የሚሸጠው ብላኛለች፤ ዓመትም ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ በእኔና በእሱ መካከል አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ... አዎ፣ ገንዘቡ ለእርጅናዬ ያስቀመጥኩት ነው። እሱንም አስቤዋለሁ።

— ሄቨን፣ እስክሪብቶሽን አቀብዪኝ። ... አይ፣ ያኛው ገጽ አይደለም። "እገዛለሁ" የሚለውን። ... እርግጠኛ ነኝ፣ የኔ ልጅ።

— ኤዶም? ... ፈረምኩ። ... አውቃለሁ። ክፍሉ ለልጅሽ ይሁን። ... እኔን ለማስቀየም ብለሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም አንቺን ለማስቀየም አይደለም።

— ሄቨን? ዋናው ቢሮ ሄዳ ኮፒ ልታደርገው ወጣች። ... የለችም እዚህ፣ በመስኮቱ እያየኋት ነው። ግቢውን እያቋረጠች ነው። ... የምን ድምፅ? ...

— አንቺም ሰማሽው? ... የመኝታ ቤቱ በር ነው። ... አይ፣ አልወጣም። ... በይ ልዝጋው፣ ልጄ። ሰው ፊት ስልክ ማውራት ነውር ነው።