ሁለት ባይት ሙቀት

— ሄሎ... አቤት፣ የእህቴ ልጅ። ቀስ ብለሽ አውሪ... ከክሊኒኩ ነሽ? የወንድምሽ ሚስት ወለደች? ያለ ጊዜዋ?... እሷስ ደህና ናት?... ተመስገን።

— ቆይ አንዴ። አንቺ፣ ሬዲዮኑን ቀንሺው እስቲ!... ሚስቴን ነው። ቀጥይ።

— የማሞቂያ ሣጥኑ? እኔ የሠራሁት? እሱማ ሺህ ሕፃን አሙቋል፤ ኧረ ሁለት ሺህ! በአንድ እጄ ፕሮግራሙን እየጻፍኩ፣ በሌላው ሻዬን እየጠጣሁ ነው የጨረስኩት... እሺ፣ ጉራዬን ተውኩት። ምን ሆነ?

— ማንቂያውን ቀየርሽና አዲስ ፋይል ጻፍሽለት... አልቆጣም፣ ተናገሪ። ባዶውን ስታበሪው ስንት አሳየ?... አስር ነጥብ ዘጠኝ? ውስጥ ያስቀመጥሽው ቴርሞሜትርስ?... ሠላሳ ስድስት ተኩል... ማሞቂያው አሁንም እየሠራ ነው? አጥፊው። አሁኑኑ አጥፊው።... ሕፃኑ የት ነው?... እናቱ ደረት ላይ። ጥሩ፣ እዚያው ይቆይ።

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? የአዲሱን ፋይል አናት አንብቢልኝ... ኤክስተርን... እሺ፣ ስሙ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው ብለሻል... ሙቀት... ባይት። ባይት አልሽው?... የኔ ልጅ፣ ሙቀቱ ያለው እኔ ፋይል ውስጥ ነው፤ የያዘውም ሁለት ባይት ቦታ ነው።

— ስህተት አላለሽም፤ አይልሽማ። የጻፍሽውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው አሰምብለር የእኔን ፋይል የት አይቶት? ስሙ ውጭ አለ፣ መጠኑ ይህን ያህል ነው ስትዪው አምኖሽ ያልፋል። ፋይሎቹን የሚያጋጥመው ሊንከርም ስሙን ካገኘ ያገናኛል እንጂ መጠኑን አይጠይቅም።... አዎ፣ ሠላሳ ስድስት ተኩል ያለ ነጥብ ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ተብሎ ነው የተቀመጠው፤ አንድ ባይት ከሁለት መቶ ሃምሳ አምስት በላይ ስለማይይዝ ትርፉን ብቻ አነበብሽና መቶ ዘጠኝ፣ ማለትም አስር ነጥብ ዘጠኝ ሆነብሽ። ሣጥኑም ሕፃኑ በረደው ብሎ ማሞቁን ይቀጥላል።... አታልቅሺ። ልጁ አልገባም እኮ። ወርድ፣ ማለትም ሁለት ባይት፣ ብለሽ አስተካክዪው፣ የምታነቢበትንም ትዕዛዝ እንደዚያው። እጠብቅሻለሁ።

— እህ?... ጨረስሽ?... ከቴርሞሜትሩ ጋር እኩል ሆነ። ጎበዝ። ሌሎቹን ስሞችስ እንዴት አወጅሻቸው? የሙቀት ጣሪያውን፣ ማጥፊያውን... ሁሉንም ከመጀመሪያው መስመር ገልብጠሽ?... ሁሉንም ባይት ብለሽ?

— ማን ነው የሚጮኸው?... ወንድምሽ? ስጪው።

— ሄሎ። እንኳን ደስ ያለህ፣ የልጅ አባት... ሰማሁ። ሣጥኑ ትክክል ያሳያል፣ ግን ልጁን አታስገባው።... አይደለም፣ ተበላሽቷል አልልህም። ደህና ነውም አልልህም። እህትህ እያንዳንዱን ስም ከኔ ፋይል ጋር ማስተያየት አለባት፤ ከዚያም ባዶውን ደጋግማ ትሞክረዋለች።... አውቃለሁ፣ ትንሽ ነው። አምቡላንስ ጠራችሁ?... መንገድ ላይ ነው? እስኪደርስ ከእናቱ ደረት አታንሱት። በላያቸው ላይ ደርቡላቸው፣ ራሱንም ሸፍኑት።

— ምን አልክ?... አዎ፣ ብዬአለሁ። የኔ እጅ ያረፈበት አይሳሳትም ብዬአለሁ። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው ብዬዋለሁ።... ስማኝ፣ ልጄ። ስለራሴ ካወራሁት ግማሹን አትመነኝ፤ ካሻህ ሁሉንም። ይህችን ብቻ እመነኝ፦ ዛሬ እዚያ ሣጥን ውስጥ የራሴንም ልጅ አላስገባም።

— አታስገባውም አይደል?... እሺ። እሺ፣ ጎሽ። በል ስልኩን ለእህትህ መልስላትና አንተ ሂድ እናቱን ደግፋት፤ ክንዷ ይዝላል።