አንድ እግሯን ያስገባችው አህያ

(ተማሪዎች ከተለቀቁ በኋላ፣ አንደኛ ክፍል ውስጥ፦ የእድር ዳኛው ጋሽ አጥናፉ በልጆች አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀምጠው፣ የልጃቸውን የሶስናን አስተማሪ መምህርት ስንዱን ይሟገታሉ።)

ጋሽ አጥናፉ፦ በላት ወይስ አልበላትም? አንድ ቃል ነው እኮ የጠየቅኩሽ!

ስንዱ፦ አልናገርም ጋሽ አጥናፉ። ተረቱን እስከ ግማሽ በአፌ አወራለሁ፤ ግማሹ ወረቀት ላይ ነው። የፈለገ ያነባል፤ ያነበበ ላላነበበ አይነግርም። የክፍላችን ሕግ ነው።

ጋሽ አጥናፉ፦ ሕግሽ አገር አፈረሰ! ሶስና መጥታ፣ “ጅቡ አህያን ለእራት ጠራት፤ አህያ ደጃፉ ደርሳ አንድ እግሯን አስገባች” አለችና ዝም። “ተረቴን መልሱ” የለ፣ “አፌን በዳቦ አብሱ” የለ! ያልተመለሰ ተረት ቤት ውስጥ ይቀመጣል?

ስንዱ፦ ተቀምጦ ምን አደረገዎት?

ጋሽ አጥናፉ፦ እድሩን ለሁለት ከፈለዋ! እሑድ ስብሰባ ላይ አምልጦኝ አወራሁት። ግማሹ “ገብታለች” አለ፣ ግማሹ “እግሯን መልሳለች”። አሁን ድንኳኑ ለገብታለች፣ ድስቱ ለመልሳለች ይሁን እየተባለ ነው። ሰው ቢሞት ያለ ድስት ልናስተዛዝን ነው?

ስንዱ፦ የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር አሉ!

ጋሽ አጥናፉ፦ ጎረቤቴ አቶ እንግዳማ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ብሎ የራሱን አህያ መኝታ ቤቱ አስሯታል። እሱ በረንዳ ላይ ነው።

ስንዱ፦ ታዲያ ሶስናን አይጠይቋትም?

ጋሽ አጥናፉ፦ ጠየቅኳት። ከረሜላ ገዛሁላት። ከረሜላውን በላችና “አንብበው አባባ” አለችኝ።

ስንዱ፦ እሰይ የኔ ልጅ! ወረቀቱ ይኸው፣ ያንብቡት።

ጋሽ አጥናፉ፦ መነጽሬ ተሰብሯል።

ስንዱ፦ መነጽር አድርገው አይቼዎት አላውቅም።

ጋሽ አጥናፉ፦ ከተሰበረ ቆይቷላ!

ስንዱ፦ መቼ?

ጋሽ አጥናፉ፦ በልጅነቴ።

ስንዱ፦ ጋሽ አጥናፉ፣ እነዚህ ልጆች መስከረም ላይ ፊደል ሲያዩ ያለቅሱ ነበር። ዛሬ ጅቡ ምን እንዳደረገ ለማወቅ ሲሉ እየተጋፉ ያነባሉ። መጨረሻውን በአፌ ከተናገርኩ ነገ ገበያው ሁሉ ያወራዋል፤ ወረቀቱን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? አልችልም።

ጋሽ አጥናፉ፦ እንግዲያው ክስ ይዤ መጥቻለሁ! ነገ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይገባል፣ ተረትሽም ይታገዳል። አርባ አንድ አባል ፈርሞበታል።

ስንዱ፦ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ አለች አህያ። ያምጡት እስቲ። ለመሆኑ አንብበው ነው የፈረሙት?

ጋሽ አጥናፉ፦ ምን ያነባሉ? እኔ ገልጬ አየሁት፣ ራሴን ነቀነቅኩ። “ዳኛው ካየው ይበቃል” ብለው ፈረሙ። ማኅተምም አለበት!

ስንዱ፦ ማን ጻፈው?

ጋሽ አጥናፉ፦ ጸሐፊያችን ከ“መልሳለች” ወገን ስለሆነ አኩርፏል። ሶስና ጻፈችው። እኔ ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች። ምን ያስቅሻል?

ስንዱ፦ የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ጋሽ አጥናፉ። ያዳምጡ፦ “ቲቸር፣ አባባ የጅቡን መጨረሻ ይፈልጋል። ማንበብ አይችልም። ያፍራል። እባክዎ ያስተምሩት። እንዳይቆጡት።”

ጋሽ አጥናፉ፦ … በዚህ ላይ ነው አርባ አንድ ሰው የፈረመው?

ስንዱ፦ ከነማኅተሙ።

ጋሽ አጥናፉ፦ ክቡ ማኅተም?

ስንዱ፦ ክቡ።

ጋሽ አጥናፉ፦ ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገቡን ዘቅዝቄ እንዳልይዝ ስጠነቀቅ ኖሬ፣ ከእድርተኛው ሁሉ ሸሽጌ፣ ከሰባት ዓመት ልጅ መሸሸግ አቃተኝ። አፈርኩ ልጄ።

ስንዱ፦ ልቅደደው?

ጋሽ አጥናፉ፦ ማኅተም ያረፈበት ውሳኔ ይቀደዳል እንዴ? ይልቅ የጅቡን ወረቀት ወዲህ በይው። ይቺ ፊተኛዋ ምንድን ናት?

ስንዱ፦ “አ” ናት። የአህያዋ “አ”። ከሷ ቀጥላ ያለችውስ?

ጋሽ አጥናፉ፦ ቀስ በይ እንጂ! አህያዋም እኮ ያስገባችው አንድ እግሯን ብቻ ነው።