ሳል የተለመነበት ታክሲ

ውሸታም የምትሉኝ፣ እኔ እዛው ታክሲ ውስጥ ነበርኩ! ከመናኸሪያ ወደ ቱላ ስንሄድ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ካንሰር ያለባቸውን ሽማግሌ ታጽናናለች።

«አባባ፣ እጢውን የሚገድል ቫይረስ አለ አሉ። ከመድኃኒት ጋር ሲሰጥ ደግሞ ይበረታል።»

«መድኃኒቱማ ይኸው ኪሴ ውስጥ! የቀረኝ ቫይረሱ ነው። መስኮቱን ዝጉት! ጉንፋን የያዘው ሰው የለም?»

«ኧረ የጉንፋኑ አይደለም! ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠሩት ነው፣ ገና እየሞከሩት ነው።»

«እነሱ ሞክረው እስኪጨርሱ እኔ አላልቅም?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ ስታስል ሰምቼሃለሁ። ና አጠገቤ ተቀመጥ።»

«አባባ፣ ይጎዳዎታል!»

«ልጄ፣ ሐኪሙ ያልሰጠኝን ተስፋ አንቺ ሰጠሽኝ፤ መልሰሽ አትንጠቂኝ።»

ወሬ የማያልቅብኝ እኔ፣ ሳሌን እስከ ቱላ ዋጥኳት፤ ካላመናችሁ እዛ የነበረውን ሁሉ ሄዳችሁ ጠይቁ!